ዜፋይረስ ጂ14 ለባህር ዳር ይሆናል ወይ?

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱን ቀስ ብለን እናወራዋለን። ይሆናል። ቀን ሥራ የሚሠራበት፣ ማታ ጌምና ፊልም የሚታይበት፣ በመሀል ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ከቤት ካፌ ከካፌ ደንበኛ ቢሮ የሚዞር አንድ ማሽን የምትፈልጉ ከሆነ፣ የአሱስ ዜፋይረስ ጂ14 ላፕቶፕ፣ የ2021ዱ ሞዴል፣ ያገለገለም ቢሆን ገዝታችሁት አይቆጫችሁም። (የሞዴሎቹን ዓመት የምጠራው በፈረንጅ ነው። ሻጮቹም የሚጠሩት እንደዛ ነው።) ግን ጂ14 የተባለ ሁሉ አይደለም። ቴሌግራም ላይ "ጌሚንግ፣ ስላይትሊ ዩዝድ፣ የአሜሪካ" ተብሎ የሚለጠፈው ሁሉ አንድ ዓይነት ዕቃ እንዳይመስላችሁ።

እኔ ቪዲዮ ነው የምሠራው። ሰርግ፣ ምርቃት፣ አንዳንዴ የሆቴል ማስታወቂያ። ከዛ የተረፈውን ሰዓት ኳስ ጌም ይበላዋል፣ ታናናሽ ወንድሞቼ ደግሞ ከኔ ይብሳሉ። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ማሽኑን ለመሞከር ብሎ ያዋሱት ሰው የሚጽፈውን አይደለም። ዩቲዩብ ላይ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ቁጥር የሚደረድሩ ሰዎች ሞልተዋል፣ ሥራቸውም ጥሩ ነው፣ ግን መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን አንዳቸውም አይነግሯችሁም።

እንግዲህ ከመብራት እንጀምር።

ሰው ላፕቶፕ ሊገዛ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ግራፊክስ ካርዱን ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው በታይፕ ሲ ቻርጅ ያደርጋል ወይ ብዬ ነው። ሻጮች ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። ጂ14 ከራሱ ጋር የሚመጣው ቻርጀር 180 ዋት ነው፣ ጡብ የሚያህል ዕቃ፣ ጌም ስትጫወቱ ወይ ከባድ ቪዲዮ ስታወጡ እሱ የግድ ነው። ነገር ግን በግራ በኩል ያለችው ታይፕ ሲ እስከ 100 ዋት ትቀበላለች። በቀኝ በኩልም ሌላ ታይፕ ሲ አለ፣ እሱ ግን ዳታ ብቻ ነው፣ ቻርጅ አይቀበልም። አንድ ሱቅ ውስጥ ልጁ በቀኙ ሰክቶ ሰክቶ "ይሄኛው ፖርቱ ሞቷል፣ ትንሽ እንቀንስልሃለን" ሲለኝ ዝም ብዬ ቅናሹን ተቀብያለሁ። ኃጢአት ከሆነ ይቅር ይበለኝ።

ይሄ ታይፕ ሲ ለምን ይጠቅማል መሰላችሁ? መብራት ሄዶ በትንሽ ኢንቨርተር ወይ በሶላር የምትሠሩ ከሆነ 180 ዋቱ ትንሹን መሣሪያ ወዲያው ያስጮኸዋል። 65 ዋት የሆነች የታይፕ ሲ ቻርጀር ግን ያንኑ ኢንቨርተር ሳታስጨንቀው ታሠራችኋለች። ጽሑፍ፣ ኢሜይል፣ ቀለል ያለ ኤዲቲንግ፣ ሁሉም ይሄዳል። ጌም አይሄድም፣ ወይም ይሄድና ይንቀራፈፋል።

ባትሪው 76 ዋት ሰዓት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ስክሪኑን ቀነስ፣ ግራፊክስ ካርዱን ጥፍት አድርጋችሁ ብትጽፉ ማሽኑ ከ10 እስከ 15 ዋት አካባቢ ነው የሚበላው፣ ይህ ማለት አምስት ሰዓትና ከዛም በላይ። ጌም ከከፈታችሁ ግን 60 እና 70 ዋት ይጎትታል፣ አንድ ሰዓት ከትንሽ ነገር በኋላ ጨለማ ውስጥ ናችሁ። ያችም አንድ ሰዓት ብትሆን ሙሉ ጉልበት አይደለችም፣ የትኛውም የጌም ላፕቶፕ በባትሪ ሲሆን ራሱን ይቆጥባል። "ባትሪው ለጌም ስንት ሰዓት ይይዛል?" እያላችሁ ሻጭ አታድክሙ። አይይዝም።

ፓወር ባንክ ለሚያስቡ፣ 20,000 ሚሊ አምፒር የሚባለው 74 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ በመሀል ከሚባክነው ተርፎ የጂ14ን ባትሪ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሞላል። ግን ለስልክ የሚሸጠው ተራው አይሠራም። ፒዲ (ፓወር ዴሊቨሪ) የሚል፣ 65 ዋትና ከዛ በላይ በታይፕ ሲ የሚያወጣ መሆን አለበት፣ ሳጥኑ ላይ 20 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካላያችሁ መልሱት። ከ100 ዋት ሰዓት በታች ስለሆነ አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳል፣ ለአዲስ አበባ ተመላላሾች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ግን እንዳታስገቡት።

ክረምት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የጣና ነጎድጓድ የምታውቁት ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ማታ ማታ ሰማዩ ሲሰነጠቅ ቻርጀሩን ከግድግዳ መንቀል ብቻ ነው መፍትሔው። ዲቫይደሩን ማጥፋት አይበቃም፣ ንቀሉት። መብራት ሄዶ ሲመጣም ወዲያው አትሰኩ፣ ትንሽ ቆዩ፣ አመጣጡ አንዳንዴ በኃይል ነው። ካፌ ውስጥ ጀነሬተር ሲቀያየርም እንዲሁ። ቻርጀሩ ራሱ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የአሜሪካ ነው ብላችሁ አትፍሩ፣ ችግሩ ጠፍጣፋው ሶኬት ነው። ያቺን ርካሽ ማስቀየሪያ ግን አትግዙ፣ ላላ ብላ ብልጭ ብልጭ ትላለች። ከግድግዳ እስከ ቻርጀሩ ያለችው ገመድ ተነቃይ ናት፣ ጫፏ የሚገጥም የኛን ሶኬት ያላት ገመድ ገዝታችሁ ተገላገሉ።

አሁን ወደ ግራፊክስ ካርዱ። አርቲኤክስ 3060 የሚል ስም ስታዩ ወዲያው አትደሰቱ። ኤንቪዲያ ለላፕቶፕ የሠራው 3060 ከ60 እስከ 115 ዋት ባለው ክልል ውስጥ ላፕቶፑን የሠራው ኩባንያ በመረጠው ልክ ነው የሚሠራው። ጂ14 ውስጥ ያለው እስከ 80 ዋት ነው። ያው 3060 ወፍራም ላፕቶፕ ውስጥ ሙሉ ዋት ሲያገኝ በደንብ ይበልጠዋል። ስሙ አንድ፣ ሚሞሪውም አንድ 6 ጊጋ፣ ጉልበቱ ግን ሌላ። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ 1.6 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ከዛ በላይ ሙቀት አያስወጣም። እኔ በዚህ አልተናደድኩም፣ ትከሻዬ ያውቀዋል። ግን "ጓደኛዬ 3060 አለው፣ ያንተ ለምን ያንሳል" ለሚለው ወንድሜ ስንቴ እንዳስረዳሁት።

ይባስ ብሎ በዚሁ አካል ውስጥ ጂቲኤክስ 1650 የገባበት፣ 3050 የገባበትም አለ። ከውጭ አንድ ናቸው። ላፕቶፑን ገልብጡትና ሆዱ ላይ ያለውን ስቲከር አንብቡ። ጂኤ401 ብሎ ሁለት ፊደል ይከተላል። የመጀመሪያው ፊደል "አይ" ከሆነ የ2020 ነው፣ "ኪው" ከሆነ የ2021። ቀጥሎ "ኤም" ካለ 3060 ነው፣ "ኤች" ካለ ደግሞ 1650። ስቲከሩ ተልጦ ከሆነ ጠርጥሩ። በቃል ለሚነገራችሁ ሳይሆን ዊንዶውስ ከፍታችሁ በታስክ ማናጀር ለምታዩት እመኑ።

ሱቅ ውስጥ የማደርገውን ልንገራችሁ። ቻርጀሩን አስነቅላለሁ። ከዛ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቼ የባትሪ ሪፖርቱን አወጣለሁ፣ ዊንዶውስ ራሱ የሚሠራው ገጽ ነው፣ ምንም መጫን አይጠይቅም። እዛ ላይ "ዲዛይን ካፓሲቲ" እና "ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ" የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ። የመጀመሪያው 76,000 ሚሊ ዋት ሰዓት አካባቢ መሆን አለበት፣ ሁለተኛው ባትሪው ዛሬ የሚይዘው ነው። 60,000ዎቹ ውስጥ ከሆነ እሰየው፣ ላገለገለ ዕቃ ደህና ነው። 50,000 ከወረደ ዋጋ ይውረድ። 40,000 ካለ ደግሞ መብራት በሚሄድበት ከተማ ምን ልታደርጉት ነው? አንዱ ሻጭ ይሄን ሳደርግ አይቶ "ወንድሜ፣ ባትሪው አሪፍ ነው ብዬሃለሁ እኮ፣ በእናትህ ዕቃ ልትገዛ ነው ወይስ ልትመረምር?" አለኝ። ሪፖርቱ ሲወጣ 38,000 ነው የሚለው። እሱም አየ፣ እኔም አየሁ። "ባትሪ እኮ ይቀየራል ብሮ" አለ። ይቀየራል፣ ልክ ነው፣ ግን የሚቀየረው ኦሪጅናል ይሁን ፎርጅድ ማን ያውቃል። አመስግኜ ወጣሁ።

ራሙን አትርሱ። የ2021ዱ ላይ ግማሹ ራም ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ ከጎኑ አንድ ማስገቢያ አለው። 8 ጊጋ ብቻ ያለው ካገኛችሁ በርካሽ ገዝታችሁ 16 ብትጨምሩበት 24 ይሆናል፣ ለቪዲዮም ለጌምም አይከፋም። ፋይል የሚቀመጥበት ኤስኤስዲ ግን ማስገቢያው አንድ ብቻ ነው፣ ትልቅ ስትፈልጉ የድሮውን አውጥታችሁ ነው።

ዋጋ ለምን አልጻፍክም የሚል ይኖራል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ የጻፍኩት ነገር ሳምንት አልቆየልኝም። አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ሱቅ ደውሉ፣ እዚህ ያለውንም ጠይቁ፣ የትራንስፖርቱን አስቡና አወዳድሩ።

ስለ ሙቀት። ባህር ዳር ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በ20 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ ፋኑ እኩል ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። በዛ ላይ መጋቢትና ሚያዝያን ጨምሩበት። ቱርቦ የሚባለው ሞድ ላይ አድርጋችሁ ጌም ከከፈታችሁ ፋኑ ይጮኻል፣ በጣም ይጮኻል፣ ሌላ ክፍል የተኛ ሰው ይሰማዋል። እኔ ቱርቦን ለኤክስፖርት ብቻ ነው የምጠቀመው፣ ያኔ ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ቡና ልጠጣ እወጣለሁ። ለጌም መካከለኛው ይበቃል። ከማሽኑ ጋር የሚመጣውን አርመሪ ክሬት የሚባለውን ከባድ ሶፍትዌር ትታችሁ ጂ ሄልፐር የሚባለውን ነፃና ቀላል ፕሮግራም ብትጭኑ ይሻላችኋል፣ ሞዱን መቀየር፣ ግራፊክስ ካርዱን ማጥፋት፣ ባትሪው 80 በመቶ ሲደርስ ቻርጅ እንዲያቆም ማድረግ፣ ሁሉም አንድ ትንሽ መስኮት ላይ ነው። ቻርጅን 80 ላይ ማቆም ለባትሪው ዕድሜ ጥሩ ነው፣ ፈረንጆቹ 60ም ይላሉ። 60 ለእነሱ። እኔ በጋውን 80፣ ክረምቱን 100።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ክዳኑን ስትከፍቱ የታችኛው ጠርዙ ጠረጴዛውን ረግጦ የኪቦርዱን ኋላ ከፍ ያደርገዋል፣ አየር በዛ ክፍተት ይገባል። ጠረጴዛ ላይ ብልህ አሠራር ነው። አልጋ ላይ ግን ጠርዙ ብርድ ልብሱ ውስጥ ይሰምጥና ክፍተቱ ይደፈናል። ፊልም አልጋ ላይ የምታዩ ከሆነ ከሥሩ ሰፋ ያለ ትሪ አድርጉ።

ወደ መዝናኛው ስንመጣ ብዙ ማለት አያስፈልግም፣ ጥሩ ነው። ኤችዲኤምአይ ሰክታችሁ ከቲቪ ጋር ታገናኙታላችሁ፣ 4ኬ ቲቪ ካላችሁ በ60 ሄርዝ ያወጣል። የፕሌስቴሽን 4 ጆይስቲክ በብሉቱዝ ይቀበላል። ቅዳሜ ማታ የሰፈር ልጆች ቤት ሞልተው ኳስ ጌም ሲጫወቱ ማሽኑ ላብ እንኳ አይለውም፣ ላብ የሚለው ተሸናፊውን ነው። ከበድ ያሉ ጌሞችን ስክሪኑ ላይ በሙሉ ጥራት አትጠብቁ፣ ወደ 1080 አውርዱት ወይ ዲኤልኤስኤስን (ጌሙን ባነሰ ጥራት ሠርቶ በኋላ የሚያሳድገውን) አብሩ፣ ልዩነቱ 14 ኢንች ላይ ብዙም አይታይም። ድምፁ ለላፕቶፕ የሚያምር ነው፣ ግን ቤታችሁ ቆርቆሮ ከሆነና ክረምት ከሆነ አራት ስፒከር አይደለም ዐሥርም ቢኖረው ዝናቡ ያሸንፈዋል። ኢርፎን።

ጌም ማውረድ ግን ፈተና ነው። አንድ ትልቅ ጌም 100 ጊጋ ይሄዳል። ኔት የቀለለው ጓደኛ ጋ ሄዶ በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ይሻላል፣ ስቲም (ጌም የሚገዛበትና የሚወርድበት ፕሮግራም) የተገለበጠውን ፎልደር አይቶ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ኦፍላይን ሞዱንም ኔት እያለ አስተካክላችሁ አስቀምጡት። ኔት ከጠፋ በኋላ "ግባ" ሲላችሁ መግቢያ የለም፣ ይሄን በኛ ክልል ያለ ሰው መቼም አይረሳውም።

ጣና ዳር ይዘነው ብንወጣስ? ይወጣል፣ ጥላ ካለ። ስክሪኑ ብርሃኑ 300 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፣ ፀሐይ ላይ ምንም አይታይም። ዋርካ ሥር ወይ በረንዳ ውስጠኛው ጥግ ከሆነ ግን ስክሪኑ የማያንጸባርቅ ስለሆነ ደህና ይሠራል። ነጩ ሞዴል ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ኪቦርዱ ብርማ ነው፣ የፊደሎቹ መብራትም ነጭ ነው፣ ቀን ላይ መብራቱ በርቶ ከሆነ ፊደሎቹ ይጠፋሉ። አጥፉት፣ ይታያሉ። ወይ ጠቆር ያለውን ግራጫ ግዙ። ክዳኑ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፣ ያምራል፣ የዘጌ መንገድን አቧራ አንዴ ካነሳ ግን በለስላሳ ብሩሽ ካልሆነ አይወጣም። የተጠበሰ ዓሣ በበላችሁበት እጅ ደግሞ ባትነኩት፣ እባካችሁ።

የጎደለው ምንድነው? ካሜራ የለውም። አዎ፣ ዌብካም የሚባል ነገር ከነጭራሹ የለም፣ የ2020ውም የ2021ዱም። ከውጭ ድርጅት ጋር በቪዲዮ የምትሰበሰቡ ከሆነ ስልካችሁን እንደ ካሜራ ማገናኘት አለባችሁ። ለኔ ከሱ የባሰው የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያ አለመኖሩ ነው። ሰርግ ቀርጾ ለሚመጣ ሰው ይሄ ስድብ ነው። ካርድ ሪደር ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ አለ፣ ሁልጊዜም ስፈልገው ይጠፋል።

ሌሎቹን በአጭሩ። የኤችፒ ቪክተስና የሌኖቮ ሌጅን 5 በዋጋቸው ጉልበተኞች ናቸው፣ ክብደታቸው ግን ከ2 ኪሎ በላይ ነው፣ ቻርጀሩ ሲጨመር ከዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ እስከ ፔዳ ግቢ ተሸክሞ ለሚመላለስ ተማሪ ቅጣት ነው። ገንዘብ ያለው የ2024ቱን ጂ14 ወይም የኤችፒን ኦመን ትራንሴንድ 14 ይመልከት። ሁለቱም ኦሌድ ስክሪን አላቸው፣ ቀለሙ ልብ ይሰርቃል፣ ግን ያንጸባርቃል፣ ጣና ዳር ፊታችሁን ነው የምታዩበት። ራማቸው ሙሉ በሙሉ የተበየደ ስለሆነ መጀመሪያውኑ 32 ጊጋውን ግዙ፣ በኋላ መጨመር የለም። ማክቡክ ኤር የሚሉም አሉ። ለቪዲዮና ለባትሪ ክርክር አልገጥምም፣ ይበልጣል። ጌሙን ግን ከወንድሞቼ ጋር ማን ይነጋገርልኛል?

ላፕቶፑ ከቤት የማይወጣ ከሆነ ደግሞ ይሄን ሁሉ እርሱት። በዚሁ ብር ያገለገለ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ ገዝታችሁ ደህና ዩፒኤስ ጨምሩበት፣ ጉልበቱም ይበልጣል፣ ሲበላሽም እዚሁ ቀበሌ 14 የሚፈታው ሰው አይጠፋም።